ሰውነቴ መሥራት ያቃተው መድኃኒት

አንገቴ ሥር ለመጀመሪያ ጊዜ እብጠት የወጣብኝ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ሽምብራ ታክላለች ብዬ ችላ ያልኳት ነገር ብዙም ሳትቆይ የዶሮ እንቁላል አከለች። አያመኝም ነበር። ሻርፕ አስሬ እየሸፈንኩ ትምህርት ቤት ስመላለስ ከርሜ አንድ ቀን ፀጉሬን ስታጠብ እማዬ አየችውና በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

አስናቀች እባላለሁ። ያደግኩት ጎፋ ነው። ይህን የምጽፈው እንደኔ ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ሲንከራተቱ ለከረሙና «የእኔስ በሽታ ስም የለውም» ብለው ለተቀመጡ ሰዎች ነው። ሐኪም አይደለሁም። የደረሰብኝን እንደደረሰብኝ፣ የነገሩኝንም በገባኝ መጠን አወራለሁ።

ጤና ጣቢያ ከእብጠቱ በመርፌ ናሙና ወሰዱና «የንፍፊት ቲቢ ነው» አሉን። ቲቢ የሚይዘው ሳንባን ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ አንገትና ብብት ያሉትን ዕጢዎችም እንደሚይዝ ያወቅኩት ያኔ ነው። ስድስት ወር መድኃኒት ዋጥኩ። እብጠቱ ፈረጠ፣ መግል ወጣው፣ ከብዙ ጊዜ በኋላም ጠባሳ ጥሎ ደረቀ። ዳነች ተባልኩ።

ከዚያ በኋላ ብጉንጅ ተከተለኝ። አንዴ ብብቴ ሥር፣ አንዴ ጭኔ ላይ፣ አንዴ ማጅራቴ ላይ። ሰው ሁሉ ብጉንጅ ይወጣበታል፤ የእኔ ግን ገብቶ የሚወጣ እንግዳ አልነበረም፤ አንዱ ሳይሽር ሌላው ይመጣል። እማዬ ለዚህ የምታምነው መድኃኒት ነበራት። ፋርማሲ የሚሸጠው፣ ውሃ የሚመስለው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ። ጥጥ ላይ አፍስሳ ቁስሌን ስትነካው ነጭ አረፋ ኩፍ ብሎ ይወጣል፤ ይለበልበኛል።

«አየሽ፣ ቆሻሻው ሲወጣ» ትለኛለች።

አረፋው በበዛ ቁጥር ደስ ይላታል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ቁስሉ ግን እንደሌላ ሰው ቁስል ቶሎ አይዘጋም። እኛም ያነሰው መስሎን ጠዋትና ማታ እንደጋግመው ነበር።

ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ እንደያዝኩ እብጠቱ በሌላኛው በኩል ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ቁራጭ ሥጋ ወስደው መረመሩ። ሐኪሙ ውጤቱን ሲያነብልኝ «ቲቢ የሚመስል ነገር ታይቷል፤ ተህዋሱ ራሱ ግን አልተገኘም» አለ። ለምን አልተገኘም ብዬ ልጠይቅ ፈልጌ ነበር፤ ከበሩ ውጭ ወረፋ የያዘው ሰው ብዛት አሳፈረኝና ተውኩት። መድኃኒቱን እንደገና ጀመርኩ። የኤችአይቪ ምርመራም አዘዙልኝ። ነፃ ነሽ አሉኝ። «ለማንኛውም ከሦስት ወር በኋላ ድገሚው» አሉ። ደገምኩት፤ ነፃ ነኝ። በሚቀጥለው ብጉንጅ ሌላ ክሊኒክ ስሄድ እዚያም አዘዙልኝ። የምርመራ ክፍሏ ነርስ በመጨረሻ በስሜ ትጠራኝ ጀመር።

ባለቤቴ ደሳለኝ ይህን ሁሉ እያወቀ ነው ያገባኝ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ብዙ ንግግር አይወድም። እሱን ያሳደገችው አክስቱ እትዬ ሮማን ግን ከሠርጉ በፊት ለብቻዬ ጠርታ «ልጄ፣ እንዳትቀየሚኝ፤ በእውነት ምንም የለብሽም?» ብላኛለች። አልተቀየምኳትም። እኔም ራሴን የምጠይቀው እሱኑ ነበር።

ሥራዬ ለቡ መብራት ኃይል መንገድ ዳር ካሉት ችግኝ መሸጫዎች በአንዱ ነበር። አምስት ሆነን በማኅበር ተደራጅተን ጽጌረዳ፣ የግቢ ሣር፣ የአቮካዶ ችግኝ እንሸጣለን። የእኔ ድርሻ አፈር ማዘጋጀት ነው። ጥቁር አፈር፣ አሸዋና ብስባሽ አዋሕጄ በየፕላስቲኩ እሞላለሁ። ደንበኛ መጨቃጨቅ አይሆንልኝም፤ ከአፈር ጋር መዋል ግን ደስ ይለኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ውሃ ጠጥቶ ቀና ያለ ችግኝ ሳይ የራሴ ጤና የተስተካከለ ያህል ይሰማኛል።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ላስቲክ ለብሶ የከረመውን የብስባሽ ክምር ከፈትን። ቅጠሉ፣ ሣሩና ፍጉ ውስጥ ለውስጥ ግሎ ነበር። በአካፋ ስገለብጠው ግራጫ ብናኝ እንደ ጭስ ብድግ ብሎ ፊቴን ሸፈነው። ሌሎቹም አብረውኝ ነበሩ። ትንሽ አስነጠሳቸው፣ ተጣጠቡ፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔ ሳምንት ሳይሞላኝ አልጋ ላይ ወደቅኩ።

ትኩሳቱ ይነሳል፣ ያልበኛል፣ ይበርዳል፣ መልሶ ይነሳል። ሳል ያዘኝ። ከመኝታ ቤት ሽንት ቤት ድረስ ስሄድ ግድግዳ ተደግፌ ማረፍ ጀመርኩ። የሰፈራችን ክሊኒክ ደም ወስዶ «ታይፎይድና ታይፈስ» አለና መድኃኒት ሰጠኝ። ሳይሻለኝ ሲቀር ሁለተኛው ክሊኒክ «የሳንባ ምች ነው» ብሎ መርፌ ጀመረልኝ። ሦስተኛው ራጅ አነሳኝ። ሳንባዬ ላይ በሁለቱም በኩል ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ተበትኗል። ሐኪሙ የድሮ ታሪኬን ሰምቶ ራጁን ወደ ብርሃን እያዞረ ብዙ አየውና «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ እንዳይሆን እሰጋለሁ» አለ። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ጻፈልኝ።

«የተላመደ» የሚለው ቃል ቤታችንን ለወጠው። ልታስታምመኝ የምትመላለሰው እትዬ ሮማን መጠጫዬንና ሳህኔን ለየች። ክፋት እንደሌለበት አውቃለሁ፤ ሆድ የሚያስብሰኝ ግን ሳህኑን በሩ ሥር አስቀምጣ የምትመለስበት ፍጥነት ነበር። ደሳለኝ ሥራ እየቀረ እኔን ያስታምማል፤ ለሕክምና ካስቀመጥነው ገንዘብ ምን ያህል እንደቀረ አይነግረኝም፤ እኔም አልጠይቀውም። እማዬ በየማለዳው ከጎፋ ትመጣና ሀና ማርያም ጠበል እንውሰዳት ትላለች። እሱ መተንፈስ እያቃታት እንዴት ብርድ ውስጥ ትቆማለች ይላል። ሁለቱ ተኳርፈው አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። እኔ መሐላቸው ተኝቼ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። ሲመሽ የሚያስፈራኝ ሞት ብቻ አልነበረም፤ በምን እንደሞትኩ ማንም ሳያውቅ መሞት ነበር።

ሆስፒታል ወረፋ ስንጠብቅ ያጋጠመችኝን አንዲት ሴት ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። የተቀመጥንበት አግዳሚ ወንበር ብረት ነው፤ ብርድ አለው። አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት ስንቀጠቀጥ አይታ ጋቢዋን ግማሹን አለበሰችኝ። ጭንብሌን እያሳየሁ «እንዳይተላለፍብሽ» አልኳት። «እኔስ ለምን እዚህ የመጣሁ ይመስልሻል?» አለችኝና ጠጋ አለች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። ተራዬ እስኪደርስ በአንድ ጋቢ ተቀመጥን።

አስተኙኝ። አክታዬን ደጋግመው መረመሩ፤ ቲቢ አልተገኘም። ከዚህ በኋላ ነው ዶክተር ሕይወትን ያገኘኋት። ብዙም የማትበልጠኝ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሐኪም ናት። ወንበር ስባ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠች። እማዬም በሌላኛው በኩል ነበረች።

«ከመታመምሽ በፊት ምን ስትሠሪ ነበር?» አለችኝ።

«ምንም። ሥራዬን ነው ስሠራ የነበረው።»

«ምንድን ነው ሥራሽ?»

ስነግራት መጻፏን አቆመች። ስለ ብስባሹ ክምር፣ ስለ ብናኙ፣ አብረውኝ የነበሩት ምንም እንዳልሆኑ እየደጋገመች ጠየቀችኝ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሰች፤ ስለ አንገቴ፣ ስለ ብጉንጆቹ፣ ስለማይዘጋው ቁስል። በዚያ ሁሉ ዓመት ታሪኬን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ቁጭታ የሰማኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

«ወንድም፣ እህት አለሽ?»

«የለኝም። ብቸኛ ልጅ ነኝ።»

«ነበራት» አለች እማዬ።

ዞር ብዬ አየኋት። ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር።

«ከእሷ በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ነው የሞተው።»

ከእኔ በፊት ልጅ ሞቶባት እንደነበር በጨረፍታ ሰምቻለሁ። ቤታችን ውስጥ ግን አይነሳም፤ ስሙን እንኳ አላውቅም ነበር። ዶክተር ሕይወት በምን እንደሞተ በዝግታ ጠየቀቻት። እማዬም ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተናገረች። ያኔ ገና ሀገር ቤት፣ ጉራጌ ነበሩ፤ አባቴ አዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ ሄዷል። ልጁ ብብቱ ሥር አበጠ። ጤና ጣቢያ ሩቅ ስለነበር እብጠት የሚበጣ ሰው ጋር ወሰደችው። ተበጣ፤ መግል ወጣ፤ ቁስሉ ግን አልዘጋም። በኋላ ትኩሳት ያዘው፤ ሆዱም በጉበቱ በኩል አበጠ። ከዚያ አልተረፈም።

«አስበጥቼ ገደልኩት» አለች። ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም፤ ብዙ ጊዜ ለራሷ እንደተናገረችው ያስታውቃል።

ዶክተር ሕይወት ወዲያው አላጽናናቻትም። እጇን ያዘችና «እማማ፣ ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር ሊኖረኝ ይችላል። እስካረጋግጥ ግን ጊዜ ይስጡኝ» አለቻት።

የፈለገችው ምርመራ በየላቦራቶሪው የሚሠራ አይደለም። የደም ሕዋስ የሚቆጥር ማሽን ያለበት አንድ ቦታ ነበር፤ የጎደለው ሕዋሳቱ የሚነከሩበት ልዩ ቀለም ነው። እሱንም አብሯት የተማረ ሐኪም ከውጭ ሲመጣ እንዲያመጣላት ለመነችው። በዚህ መሐል በራሷ ግምት የፈንገስ መድኃኒትና ብግነቱን የሚያበርድ ኪኒን ጀመረችልኝ። ቀለሙ ሲደርስ የእኔ ደም ከጤነኛ ሰው ደም ጎን ለጎን መታየት አለበት አለችን። ደሳለኝ እጅጌውን ሰበሰበ። መርፌ ይፈራል፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነው የሰጠው።

ውጤቱን ያሳየችን በኮምፒውተር ላይ ነው። ሁለት ምስሎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው እንደ ጉብታ ያለ መስመር አላቸው። የደሳለኝ ጉብታ ከግራ ተነስቶ ወደ ቀኝ ዳር ሄዷል። የእኔ ግራ ላይ፣ ከተነሳበት ሳይነቃነቅ ቆሟል ማለት ይቻላል።

«ቀለሙ የሚያበራው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ሲያገኝ ነው» አለች። «የእሱ ነጭ የደም ሕዋሳት ስንቆሰቁሳቸው አበሩ። የአንቺዎቹ አላበሩም።»

«ያ የቁስል ማጠቢያው?» አለ ደሳለኝ።

«እሱ ራሱ። ፋርማሲ ከመሸጡ በፊት ሰውነታችን ይሠራው ነበር።»

እንዲህ አስረዳችን። ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርም ሲያገኙ ይውጡታል። መዋጥ ግን መግደል አይደለም። ከዋጡት በኋላ፣ እዚያው ከረጢታቸው ውስጥ፣ በጣም ጥቂት ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይሠራሉ፤ ከእሱም እንደ በረኪና ያለ ነገር ያወጣሉ፤ ጀርሙ የሚሞተው በዚህ ነው። የእኔ ሕዋሳት ይመጣሉ፣ ይውጣሉ፤ የሚገድሉበትን ግን አይሠሩም። ስለዚህ አንዳንድ ጀርምና ፈንገስ በሕይወት እንዳለ ውስጣቸው ይቀመጣል። ሰውነቴም መግደል ያቃተውን ነገር በሕዋስ ላይ ሕዋስ ደርቦ ያጥረዋል። ያ አጥር ነው እብጠት የሚሆነው፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይም ቲቢ ይመስላል። ከብስባሹ የተነሳው ሻጋታ ጓደኞቼ ሳንባ ውስጥ ሲገባ እዚያው ተቃጥሎ ቀረ፤ የእኔ ሳንባ ውስጥ ግን በቀለ።

የበሽታው ስም ክሮኒክ ግራኑሎማተስ ዲዚዝ ይባላል። የሚወረስ ነው፤ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ይታመማሉ፤ እንደኔ ቀለል ያለው ዓይነት ያላቸው ግን ሳይታወቅላቸው ያድጋሉ።

ስለ እማዬ አረፋም ጠየቅኳት። ፈገግ አለች።

«አረፋው ቆሻሻ አይደለም፤ ኦክስጅን ነው። ይህ ነገር ሲበዛ ለራሳችን ሥጋም መርዝ ስለሆነ ደማችንና ሕዋሳታችን የሚሰብሩበት ነገር አላቸው። ጥጡ ቁስሉን ሲነካ የምታዪው ሲሰባበር ነው። ጠዋት ማታ ስታጥቡት አዲስ የሚበቅለውን ሥጋም አብራችሁ ታቃጥሉት ነበር። ለቁስል ንጹሕ ውሃና ሳሙና ይበቃል።»

በሽታዬ ስም ስላገኘ ደስ ብሎኝ ከሆስፒታል ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ደስታው ግን አንድ ጥያቄ ይዞብኝ መጣ። የጎደለኝ ነገር ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ከሆነ፣ ይሄው በጥቂት ብር ይሸጣል፤ ለምን አልወስደውም?

ጥያቄውን ጮክ ብላ ያነሳችው እትዬ ሮማን ናት። ውጤቱን ከሰማች ጀምሮ ሳህኔን መለየት ትታለች፤ ልትክሰኝ ትፈልግ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኳን ይዛ መጣች። አንድ ሰውዬ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ በውሃ እያንጠባጠቡ ቢጠጡት ካንሰሩንም፣ ስኳሩንም፣ ሁሉን ያድናል እያለ ይናገራል።

«ይሄው፣ ያንቺን ነው የሚያወራው» አለችኝ። «ሰውነትሽ ካልሠራው ከውጭ ሙዪዋ።»

ሐሳቡ ውሸት አልመሰለኝም። ይልቁንም ከሐኪሟ ንግግር ጋር የገጠመ መሰለኝ። ከፋርማሲ አስመጥታ ኖሮ ጠርሙሱ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ብርጭቆ አመጣች። ውሃው ላይ ስታንጠባጥበው አየሁ። ምንም ቀለም የለው፣ ምንም ሽታ የለው። ብርጭቆውን ተቀብዬ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ፣ ለመጠየቅ ክፋት የለውም ብዬ፣ ለዶክተር ሕይወት ደወልኩ።

«ጠጥተሻል?» አለች፤ ድምፅዋ ላይ ያን ቀን ብቻ ነው መቻኮል የሰማሁት።

«ገና ነኝ።»

«እንግዲያው ብርጭቆውን አስቀምጪና ስሚኝ። ምድጃ ላይ እሳት ያስፈልግሻል አይደል? አልጋሽ ላይ ቢነድስ? የጎደለሽ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ፣ ጀርሙ በተዋጠበት ቦታ፣ በዚያው ቅጽበት የሚሠራው ነው። በአፍ የገባው እዚያ አይደርስም። ጉሮሮና ጨጓራ ያቃጥላል፤ የሚያወጣው አየር ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ወደ አንጎል ከሄደ ሰው ይገድላል። ጠንካራው ዓይነት ሲሆን ደግሞ ጥቂቱም ይበቃል።»

ስልኩን ለእትዬ ሮማን ሰጠኋት። ረጅም ጊዜ «እሺ፣ እሺ ልጄ» ስትል ሰማኋት። ስልኩን መልሳ ብርጭቆውን ወስዳ ደፋችው፤ ጠርሙሱንም ደፋችው። ከዚያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና «ልገድልሽ ነበር» አለች። እኔም ልጠጣው እንደነበር ነገርኳት፤ ጥፋቱን ለሁለት ተካፈልነው።

የዳንኩት በዝግታ ነው። ለወራት የፈንገሱን መድኃኒት ወሰድኩ። በመጀመሪያ፣ ገና ሆስፒታል ሳለሁ፣ ያለ ኦክስጅን መቀመጥ፣ ከዚያ ደረጃ መውጣት፣ ከዚያ ታክሲ ተሳፍሮ ጎፋ ደርሶ መመለስ ቻልኩ። መከላከያ እንዲሆነኝ ዛሬም በየቀኑ የምውጣቸው ኪኒኖች አሉ። አንደኛው ኮትሪሞክሳዞል ነው። ኤችአይቪ ያለባቸው ሰዎችም ስለሚወስዱት፣ ሰፈራችን ያለ ፋርማሲ የማውቃት ልጅ ስትሰጠኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አይዞሽ፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም» አለችኝ። ድሮ ቢሆን ማስረዳት እጀምር ነበር። ያን ቀን አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። ለተሳሳተ ምክንያት ቢሆንም ደግ ቃል ነበር።

የከበደኝ ሥራዬ ነው። ብስባሽ፣ ድርቆሽ፣ የሻገተ ነገር፣ የግንባታ አቧራ እንዳልነካ ተነግሮኛል። ማኅበሩን ልለቅ ሄጄ ጓደኞቼን ሰበሰብኳቸው። አንዳቸው «ማን አስለቅቆሽ? ስልኩን አንቺ ትይዣለሽ» አለኝ። አሁን ከቤቴ ሆኜ ትእዛዝ እቀበላለሁ፤ የትኛው ችግኝ ለየትኛው ግቢ እንደሚሆን ለደንበኛ እመክራለሁ። መጨቃጨቁንም ለመድኩት። አፈሩ ግን ይናፍቀኛል፤ ናፍቆቱ ቀለለኝ ብዬ አልዋሽም።

ለሚያነበኝ ሰው የምለው ጥቂት ነው። እብጠትና መግል የሚመላለስበት ልጅ ካላችሁ፣ የቲቢ መድኃኒት ጨርሶ በሽታው ከተመለሰ፣ ተህዋሱም ካልተገኘ፣ ሐኪሙን «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» በሉት። ወረፋው አያሳፍራችሁ። ምን እንደምትሠሩና በቤተሰባችሁ ማን እንዴት እንደሞተ ባይጠይቃችሁም ንገሩት። ስልክ ላይ የሚነግሯችሁን ከመዋጣችሁ በፊት ደግሞ አንድ ሰው ጠይቁ።

የቀረኝ የእማዬ ነገር ነው። ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ዶክተር ሕይወት እሷን ለብቻዋ አስጠርታ ነበር፤ እኔም አብሬያት ገባሁ። የእኔ ዓይነቱ በሽታ የሚመጣው ልጁ ከእናቱም ከአባቱም ጎዶሎውን ሲወርስ እንደሆነ፣ ሁለቱ ወላጆች ግን ጤነኛ ሆነው እንደሚኖሩ ነገረቻት። የሞተውን ልጅ ሳትመረምር በእርግጠኝነት መናገር እንደማትችል፣ ከሰማችው ሁሉ ግን ይኸው በሽታ እንደሚመስላት ነገረቻት።

እማዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ባላስበጣውስ ኖሮ?»

«ባያስበጡትም እብጠቱ አይድንም ነበር፤ ሌላም ይመጣ ነበር። ያኔ እዚያ አገር ይህን የሚያውቅ፣ መድኃኒቱንም የሚሰጥ አልነበረም። እርስዎ የሚችሉትን ነው ያደረጉት።»

እማዬ አላለቀሰችም። ተነስታ ነጠላዋን አጣፋችና «እግዜር ይስጥሽ» ብላ ወጣች። ለወራት ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልተነፈሰችም። መስከረም ሲጠባ ግን «ዘንድሮ ለመስቀል አገር ቤት እንሄዳለን» አለችኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ሄዳ አታውቅም ነበር።

ከአባቴ ወገን ዛሬ በሕይወት ያለችው ታላቅ እህቱ አክስቴ ወለቴ ብቻ ናት። ዓይኗ ደክሟል፤ ቤት ደጃፍ ፀሐይ ላይ ትውላለች። በወንድሜ ቀብር ቀን «አስበጥታ ገደለችው» ያለችው እሷ እንደሆነች እማዬ መንገድ ላይ ነገረችኝ። ሰላምታው ካለቀ፣ ክትፎው ከተበላ በኋላ እማዬ ፊት ለፊቷ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«ንገሪያት» አለችኝ። «ሐኪሟ እንዳለችሽ አድርገሽ ንገሪያት።»

ነገርኳት። ነጭ ሕዋስ የሚለውን ትቼ፣ ሰውነት በሽታ የሚገድልበት የራሱ መድኃኒት እንዳለው፣ እኔ ያንን ሳልይዝ እንደተወለድኩ፣ ወንድሜም እንደዚያው ሳይሆን እንደማይቀር፣ ጉድለቱም ከእናትም ከአባትም ወገን ሲገናኝ እንደሚወረስ ነገርኳት። አክስቴ ሳትንቀሳቀስ ሰማችኝ።

«ታዲያ ከእኛም ወገን ነው በይኛ» አለች በመጨረሻ።

«ከሁላችንም ነው» አለች እማዬ።

አክስቴ እጇን ዘርግታ እየዳበሰች የእማዬን ጉልበት አገኘች። «በርጩማው ላይ ምን ያስቀምጥሻል? ነይ እዚህ» ብላ መደቡ ላይ ጠጋ አለችላት። እማዬ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ትከሻ ለትከሻ ሆነው እንሰቱን እያዩ ቆዩ።

«በድሉ ሳቂታ ነበር» አለች አክስቴ። «ፍየሎቹን ሲያይ እንዴት እንደሚስቅ ትዝ ይልሻል?»

«እንዴት ይረሳኛል» አለች እማዬ።

ስሙ በድሉ እንደነበር ያወቅኩት ያን ቀን ነው።